ሸሞንሟናዬን ቀርቦ መስማት

ስለ ኃይሉ መርጊያ ሲወራ ታክሲው ይቀድማል። ዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ ባለው የዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ያልጻፈ ጋዜጠኛ የለም። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሮጌ ካሴቱን ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው ማሳተሚያው እንደገና ማውጣቱ፣ ሰውየውም ከስልሳ ዓመቱ በኋላ ወደ ዓለም መድረክ መመለሱ አብሮ ይተረካል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ታሪኩ እውነት ነው፤ ልብም ይነካል። ግን ሥራውን ጋርዶብናል። ብዙ ሰው በባለታክሲው ዕጣ ተገርሞ ካሴቱን ይከፍትና ሌላ ሥራ እየሠራ ከጀርባ ያሰማዋል። እኔ ዛሬ መጻፍ የምፈልገው ስለ ካሴቱ አሠራር ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን፣ በጥቂት መሣሪያና በአንድ ምት መምቻ ማሽን፣ ያንን ሙዚቃ እንዴት አድርጎ እንዳቆመው።

ካሴቱ «ሸሞንሟናዬ» ነው። የተቀዳው በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ነው። ባንድ የለም። «ይህን ጨምር፣ ያንን ቀንስ» የሚል የሙዚቃ ቤት ባለቤትም አቀናባሪም የለም። ያለው አኮርዲዮን፣ ሞግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና ድራም ማሽን ነው፤ ሁሉንም የሚነካው አንድ እጅ። ዜማዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ ሕዝብ የሚያውቃቸው የቆዩ ናቸው፦ ሸሞንሟናዬ፣ ሽለላ፣ አምባሰል። ሰሚው ዜማውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ተጫዋቹ በዜማ አዲስነት ሊያታልለው አይችልም። የቀረለት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ አያያዙ።

ኃይሉ በ1946 የተወለደ ሰው ነው። አኮርዲዮን የጀመረው በዐሥራ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል አልፎ፣ በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ዞሮ፣ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው ምክንያት ወደ ሆቴሉ የገባ እንግዳ እስኪነጋ ስለማይወጣ፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ይህን የማነሣው ለታሪኩ ድምቀት አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ሰው ጉልበቱን መቆጠብ ይማራል። ራት የሚበላ ሰው ፊት ይጀምራል፣ የሚጨፍር ሰው ፊት ይደርሳል፣ የደከመው ሰው ፊት ይጨርሳል። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ሰው የሚይዝበትን መላ ያውቃል። በ1977 ዋልያስ ያወጡት «ቼ በለው» የተባለው አልበም፣ የግርማ በየነን «ሙዚቃዊ ስልት» የያዘው፣ ይኼ ትምህርት በባንድ ሲገለጥ ምን እንደሚመስል ያሳያል። በ1981 ባንዱ ለኮንሰርት አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉን ጨምሮ ከአባላቱ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ያ ሁሉ የሆቴል ትምህርት አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ጓደኛ፣ ያለ እንግዳ ተፈተነ።

ፈተናው ምን እንደሆነ ልናገር። ባንድ ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ባሲስቱን ያያል፤ ድራመሩ ትከሻውን ሲያነሣ ምቱ ሊለወጥ መሆኑን ያውቃል፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ በክፍተቱ ገብቶ ይመልስለታል። ብቻውን የሚቀዳ ሰው ግን መጀመሪያ ላይ የሚጫወተው ከማንም ጋር አይደለም። ማሽኑ ምቱን ይጀምራል፣ እሱ ከላዩ አንድ ነገር ያስቀምጣል። ቴፑ ወደ ኋላ ይጠቀለላል። ሁለተኛውን ድምፅ ሲያስገባ የሚሰማው ቅድም የተጫወተውን ራሱን ነው፤ ያኛው ደግሞ አይሰማውም፣ አይመልስለትም፣ አይጠብቀውም። ስለዚህ ባሱን ሲጫወት ገና ያልተቀዳው አኮርዲዮን የት ላይ እንደሚያርፍ በልቡ መያዝ አለበት። ይህን የማይችል ሰው ሥራው ወዲያው ይታወቃል፤ እያንዳንዱን ድምፅ ሲያስገባ ባዶ ቦታ ያስፈራዋልና ይሞላዋል፣ ቀጥሎም ይሞላዋል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ሰው አምስት ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚያወራ ይመስላል።

ሸሞንሟናዬ ላይ ማንም ማንንም አያቋርጥም። አኮርዲዮኑ አንድ ሐረግ ተናግሮ ሲያበቃ ኤሌክትሪክ ፒያኖው ሁለትና ሦስት ድምፅ ብቻ ብሎ ዝም ይላል። ባሱ በዜማው ሥር ደጋግሞ ይመላለሳል እንጂ ወደ ላይ ወጥቶ ትኩረት አይለምንም። ደጋግሜ ስሰማው የሚደንቀኝ ይኼ ነው፦ እያንዳንዱ ድምፅ ሲቀዳ የሚቀጥለው ድምፅ ታስቦለታል። ትሕትና ልንለው እንችላለን፣ ግን ከትሕትናም በላይ የእጅ ዕውቀት ነው፤ ለዓመታት ከዘፋኝ ኋላ የተጫወተ ሰው ዕውቀት። ዘፋኝ በሌለበት ካሴት ላይ እንኳ ለዘፋኙ ቦታ ይተውለታል፣ ከዚያ ራሱ በአኮርዲዮን መጥቶ ይዘፍንበታል።

ወደ ምቱ እንምጣ። ችክችካ የሚባለው የጭፈራ ምት ስድስት ይቆጠራል። ስድስቱን ሁለት ጊዜ ሦስት ብሎ የሚሰማው አለ፣ ሦስት ጊዜ ሁለት ብሎ የሚሰማውም አለ፤ ጥሩ ከበሮ መቺ ሁለቱንም ባንድ እጅ ይዞ ይሄዳል፣ ጨፋሪውም አንዱን በትከሻው ሌላውን በእግሩ ያወጣዋል። የ1980ዎቹ ድራም ማሽኖች ደግሞ በአብዛኛው በአራት ለሚቆጠር ሙዚቃ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ለስድስት ማስተካከል ይቻላል፣ ችግሩ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ማሽን በአብዛኛው እያንዳንዱን ምት እኩል ቦታ ላይ፣ እኩል ጉልበት ሰጥቶ ይጥለዋል። የከበሮ መቺ እጅ ግን አንዱን ጠንከር፣ ሌላውን ነካ ብቻ ያደርጋል፤ አንዱን ትንሽ ያዘገያል። ችክችካን የሚያስጨፍረው ያ ትንሽ መዘግየት ነው።

ኃይሉ ማሽኑን ሰው ለማስመሰል አልሞከረም። ይህን ውሳኔ አከብረዋለሁ። ማሽኑ እንደ ማሽን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መወዛወዙን ሁሉ እጆቹ ይወስዱታል። አኮርዲዮኑ ከምቱ ዘግየት ብሎ ይገባል፣ በሐረጉ መካከል ይደርስበታል፣ መጨረሻው ላይ አንዳንዴ ቀድሞት ያርፋል። ቀጥ ያለው ምት ባይኖር ይህ መላወስ አይሰማም ነበር፤ ከምን አንጻር ዘገየ ይባላል? ብዙ ሰው ድራም ማሽን ሙዚቃን አደረቀ ብሎ ያማርራል፣ በብዙ ካሴት ላይም እውነቱን ነው። እዚህ ግን ማሽኑ መድረቁ የተጫዋቹን እጅ ልስላሴ አጉልቶ አወጣው።

አኮርዲዮኑን ደግሞ በቅርበት ማየት ያስፈልጋል። አኮርዲዮን ውስጡ ትንንሽ የብረት ምላሶች አሉት፤ ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሩ በምላሶቹ ላይ ያልፍና ያርገበግባቸዋል። በብዙ አኮርዲዮኖች ላይ ለአንድ ድምፅ ሁለት ምላስ ይኖራል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ጥቂት ተዛንፎ የተቃኘ። የዚያ መሣሪያ መንቀጥቀጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። እንግዲህ ይህን ተንቀጥቃጭ ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ጋር አንድ ላይ አድርጉት። ኪቦርዱ ቃናው የማይነቃነቅ ነው፤ አኮርዲዮኑ በዙሪያው ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ድምፅ ሲነኩ በመካከላቸው የሚፈጠረው ሞገድ የማንኛቸውም አይደለም። ሸሞንሟናዬን ጨረፍ አድርጎ የሰማ ሁሉ «ጭጋግ አለበት» የሚለው ይህንን ይመስለኛል፤ የአሮጌ ካሴት ጥራት ማነስ አድርገው የሚወስዱት አሉ፣ ግን ትልቁ ድርሻ የመሣሪያዎቹ መገናኘት ነው።

አኮርዲዮን አንድ ነገር አይችልም፤ ከአንድ ቃና ወደ ሌላው መንሸራተት። ማሲንቆ ይችላል፣ ጉሮሮ ይችላል፤ የኛ ዜማ ደግሞ ጣዕሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። ምላሱ ከብረት ተቆርጦ ስለተቃኘ አኮርዲዮኑ ወይ ይህን ይላል ወይ ያንን። ኃይሉ ይህን ጉድለት በሁለት መንገድ ያካክሰዋል። አንደኛው በጣት ነው፤ ዋናው ድምፅ ላይ ከማረፉ በፊት ጎረቤቱን በጣም ፈጥኖ ይነካዋል፣ ጆሮም መንሸራተት የሰማ ይመስለዋል። ሁለተኛው በወናፉ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምርና አየሩን ቀስ እያለ ይጨምርለታል፣ እንጉርጉሮ የሚያንጎራጉር ሰው ትንፋሹን እንደሚለቅ። እነዚህን ሁለቱን ነገሮች ከሰማችሁ በኋላ አኮርዲዮን ከውጭ የመጣ መሣሪያ መሆኑ ይረሳችኋል።

ሞጉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የዚያ ዘመን የታወቁት ሞጎች በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጡ ናቸው፤ አብሮ ሁለተኛ ቁልፍ ብትነኩ የሚሰማው አንዱ ብቻ ነው። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መንሸራተት ግን ይችላሉ። አንድ ድምፅ፣ መንሸራተት፣ ረጅም ሆኖ የሚጎተት ቃና፦ ይህ የማሲንቆ ጠባይ ነው። ሰው ሲንተሳይዘር ሲባል ከባህል መሣሪያ የራቀ ነገር ይታየዋል፤ በተጫዋቹ እጅ ስናየው ግን ከአኮርዲዮኑ ይልቅ ለማሲንቆ የሚቀርበው ኤሌክትሮኒኩ ነው። አኮርዲዮኑ ትንፋሹን ሰጠ፣ ሞጉ መንሸራተቱን ሰጠ፤ ሁለቱን አንድ ሰው ስለያዛቸው አንድ ጉሮሮ ሆኑ። እኔ ከካሴቱ ሁሉ የላቀው የእጅ ሥራ ይህ ይመስለኛል።

ስለ ሮድስና ስለ ዲኤክስ 7 ባጭሩ። ሮድስ ውስጥ ትንንሽ መዶሻ ቀጭን የብረት ዘንግ ይመታል፣ ድምፁን መግነጢስ ይለቅመዋል፤ ስለዚህ በጣት ጉልበት ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። ዲኤክስ 7 በ1983 ሲወጣ የሚመታ ነገር አልነበረውም፤ ድምፁ በሙሉ በስሌት የሚሠራ ነው፣ አንዱ ሞገድ ሌላውን እያወዛወዘ። የብርጭቆ ጥራት ያለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፁ በዓለም ላይ ስለተወደደ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ሮድስን ከብዙ ስቱዲዮ አስወጣው። ኃይሉ በዚያው ወቅት፣ በ1985፣ ሁለቱንም ይዞ ነው የሠራው። ሞቃቱ ለሥር፣ ጠርዘኛው ለላይ። አዲሱ መጣ ብሎ አሮጌውን አልጣለም፤ አሮጌው ይሻላል ብሎም አዲሱን አልናቀም።

አምባሰል ላይ ይህ ሁሉ ይሰበሰባል። የአምባሰል ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው፣ ግን በሁለት ቦታ ድምፆቹ በጣም ይቀራረባሉ፤ ከመነሻው ቀጥሎ ያለው ወዲያው አጠገቡ ነው፣ ላይኛው ላይም እንዲሁ። የቅኝቱ ሐዘንም ክብርም ያለው በነዚያ ጠባብ ደረጃዎች ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው ያንን ጠባብ ርቀት እንደ ጆሮው ሊያሰፋው ወይም ሊያጠበው ይችላል። ኪቦርድ አይፈቅድም፤ ፋብሪካው የወሰነውን ርቀት መቀበል ግድ ነው። ደካማ ተጫዋች ይህን ለመሸፈን ብዙ ድምፅ ያዘንባል። ኃይሉ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሁለቱን ጎረቤታሞች ይደጋግማቸዋል፣ የአኮርዲዮኑ መንቀጥቀጥ በመካከላቸው ያለውን ርቀት እንዲያደበዝዘው ጊዜ ይሰጠዋል። ብረቱን በትዕግሥት አለሰለሰው።

ጉድለት የለበትም አልልም። የድራም ማሽኑ ድምፅ ቀጭን ነው። አንዳንድ ዜማ ላይ ምቱ ሳይለወጥ በጣም ስለሚቆይ፣ ሌላ ሰው አጠገቡ ኖሮ «እዚህ ጋ እንለውጠው» ቢለው ኖሮ የሚያሰኝ ጊዜ አለ። ብቻ መሥራት ዋጋው ይህ ነው፤ ከልካይ የለም፣ አስታዋሽም የለም። ግን አስታዋሽ ቢኖር ኖሮ ምናልባት መጀመሪያ የሚያስቀርበት ይህንኑ አኮርዲዮን ነበር። በ1985 አኮርዲዮን ያለፈበት መሣሪያ ነበር፤ የልጅነቱን ድምፅ ስለናፈቀ ነው ያነሣው። ገበያ የሚያስብ ሰው ይህን አይፈቅድም።

አዲስ አበባ ላይ ያደግን ሰዎች አንድ ሰው በአንድ ኦርጋን ሙሉ ባንድ ሆኖ ሲጫወት አይተናል፤ ሠርግ ላይ፣ ምግብ ቤት ውስጥ። ማሽኑ ምቱን ይሰጣል፣ ግራ እጅ ባሱን፣ ቀኝ እጅ ዜማውን። ብዙ ሰው ይህን የድህነት ሙዚቃ፣ የባንድ መጥፋት ምልክት አድርጎ ነው የሚያየው፤ ሥራ ያጡ ሳክስፎን ተጫዋቾችን ስናስብ ቅሬታው ይገባኛል። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ መሣሪያው ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም። ሸሞንሟናዬ በዚያው ዓይነት መሣሪያ የተሠራ ነው። ልዩነቱ ኃይሉ ማሽኑ ባንድ እንዲመስል አለመጠየቁ ነው።

በዚያችው ዋሽንግተን ከተማ በኋላ የሌሎችም ሥራ ታተመ። 1432 አር የተባለው አነስተኛ ነጻ አሳታሚ በ2014 የሚካኤል ሰይፉን «ያራዳ ልጅ» አወጣ፤ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉም እዚያው አሳትሟል። ሚካኤል በ2016 «ዘላለም»ን በሌላ አሳታሚ አስከተለ። እነዚህ ልጆች በኮምፒዩተር የሚሠሩ ናቸው፣ የአዝማሪን ድምፅ ቆርጠው ይደረድራሉ፣ ወፍራም ባስ ይወዳሉ፤ ከኃይሉ ጋር በመልክ አይመሳሰሉም። የሚያገናኛቸው የሥራው ሁኔታ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል፣ ማሽን፣ ከሩቅ የሚታወስ ዜማ። ወጣቶቹ ከኃይሉ የሚማሩት ካለ መተው ይመስለኛል። ኮምፒዩተር ስንት ድምፅ ጨመርክ ብሎ አይጠይቅም፤ የትራክ ቁጥር ገደብ የለውም። በዚህ ምክንያት በአዳዲሶቹ የግል ሥራዎች ላይ ጥሩ ሐሳብ በብዛት ታፍኖ እሰማለሁ።

ኃይሉ ራሱ ወደ ስቱዲዮ የተመለሰበት «ላላ በሉ» በ2018 ወጣ። አሁን ከጎኑ ሰው አለ፤ ድራሙ ላይ ቶኒ በክ፣ ባሱ ላይ ማይክ ማይኮውስኪ፣ ሁለቱም አውስትራሊያዊ። ከማሽን ወደ ሰው ሲዞር ምን ይሆናል ብዬ ነበር የጓጓሁት። መክፈቻው ላይ ያለው ትዝታ ወደ ዐሥር ደቂቃ ይረዝማል፤ በአኮርዲዮን ቀስ ብሎ ይጀምርና በመካከሉ ፍጥነት ይይዛል፣ ድራመሩም ማሽን የማይችለውን ሁሉ፣ ማዋዛቱን፣ መግፋቱን፣ ዝም ማለቱን ያመጣል። ኃይሉ ግን በካሴቱ ዘመን የነበረውን ዲሲፕሊን አልጣለም። ሌላ ሰው ምቱን ስላዋዛለት እሱ ይበልጥ ቀጥ ይላል፤ ሚናው ተገላብጧል። መጨረሻው ላይ ያለው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ደግሞ ፒያኖ ብቻ ነው። ማሽን የለም፣ ባንድ የለም፣ ድርብርብ ድምፅ የለም። ግራ እጁ የሚያደርገውን ተከታተሉ፤ አንድ ነገር ይልና ይጠብቃል፣ ቀኝ እጁ እስኪመልስ። ብቻውን ሆኖ ከራሱ ጋር መነጋገርን በ1985 የተማረ ሰው ነው የሚጫወተው።

«የኔ ምርጫ» በ2020 ተከተለ፣ ይህኛው ከዋሽንግተን ሙዚቀኞች ጋር። የድሮ የዋልያስ ባልደረባው ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን ይዞ ገብቷል፤ እውነተኛ ማሲንቆም ገብቷል። ከአስናቀች ወርቁ ክራር የምናውቀው «ባይኔ ላይ ይሄዳል» ከቴዲ አፍሮ «ሸመንደፈር» ጋር በአንድ አልበም ላይ ተቀምጠዋል፤ ከዐሥርት ዓመታት ልዩነት ጋር ሁለቱንም በአንድ እጅ ሲነካቸው ዘመዳሞች ይሆናሉ። እኔ ግን ጆሮዬን የሳበው ማሲንቆው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በሞግ ሊያወጣው የሞከረውን መንሸራተት አሁን ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ያወጣዋል፣ ኃይሉም ኪቦርዱን ከዚያ ቦታ ፈቀቅ አድርጎ ይለቅለታል።

መስማት ለሚጀምር ሰው ምክሬ ይህ ነው። ከአዲሶቹ ሳይሆን ከካሴቱ፣ ከመክፈቻው ከሸሞንሟናዬ ጀምሩ፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሆንም፣ ባሱ ይጠፋል፣ የጆሮ ማዳመጫ ያዙ። አንዴ ዜማውን ረስታችሁ ምቱንና ባሱን ብቻ ተከተሉ። ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ በተለይ ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች። ከዚያ አኮርዲዮኑን፣ ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ እንዴት እንደሚያብጥና እንደሚከሳ። ወደ አምባሰል እለፉ፣ ከአምባሰል ወደ ትዝታ፣ የ2018ቱ።